ማስጠንቀቂያ፦ ማር አለው

ጅዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለአብሮ አደጌ ለመህዲ፤ ቆቦ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተ፣ ባለቤትህ ሳሊሀ፣ ከሁሉም በላይ ያሳደገችኝ እማ፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንዴት ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ጤናዬ ደህና ነው። የተቃወሰውም ቢሆን ባንተ ምክንያት ስለሆነ፣ ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታና ወደ እሱ ልግባ።

ፌስቡክ እያለ በወረቀት መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ፌስቡክ ላይ ልጽፍልህ ብል ገጽህን መክፈት አለብኝ፣ ገጽህን ስከፍት ደግሞ ያ ነገር ይመጣብኛል። በስልክ ብነግርህ ትስቅብኛለህ፣ ስትስቅ እናደድና እዘጋብሃለሁ። ወረቀት ቢያንስ እስከ መጨረሻው ይነበባል።

ባለፈው ሳምንት ስፌት ቤት ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ዶቃ እየተከልኩ ነበር። ለምሳ ስናርፍ የእማን ፎቶ ለጥፈህ እንደሆን ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሰፈፍ! ለሁለት የተገመሰ የማር እንጀራ፣ ግማሹ ማር የያዘ፣ ግማሹ ባዶ፣ ያ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ የስልኩን መስተዋት ሞልቶት ጠበቀኝ። ዞር ለማለት እንኳ አልደረስኩም፤ ነጩ ቀሚስ ላይ አስመለሰኝ። አሠሪዬ ሦስት ቀን ከሥራ አገደችኝ፤ ሁለተኛ ከተደገመ በሩ ያውልሽ ብላኛለች።

የሚያመኝን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃለህ። ጅብ አልፈራም፣ ጨለማ አልፈራም፣ እባብ እንኳ በዱላ ገድዬ አውቃለሁ። ተጠጋግቶ የተደረደረ ትንንሽ ቀዳዳ ሳይ ግን ቆዳዬ ይነሳል፣ ያስመልሰኛል። ፍርሃቴን ምክንያቱን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ቀፎ ተቆርጦ ሰፈፉ ገበቴ ላይ በተቀመጠ ቁጥር እማ ከጓዳ ሆና «ፎጣውን ጣሉበት፣ ፈሪሀ መጣች!» ስትል የነበረውን ረስተኸዋል? ያንን ቀይ ጥለት ያለውን ፎጣ ስንት ጊዜ ራስህ ጥለህበታል!

ማርህን አትለጥፍ አላልኩህም። መጀመሪያ የማሰሮውን ፎቶ አድርግ፣ ከላዩ «ቀጥሎ ሰፈፍ አለው» ብለህ አንዲት መስመር ጻፍ፣ ሰፈፉን ከኋላ አስከትለው። ማየት የፈለገ ገልጦ ይየው፤ እኔም አውቄ ልለፈው። ይኼው ነው ልመናዬ።

እማን እጇን ሳምልኝ።

እህትህ ፈሪሀ


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪሀ፤ ጅዳ።

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ። ደብዳቤሽ ለዑምራ ሄዶ በተመለሰው ሰው እጅ ደርሶኛል። ሁላችንም ደህና ነን። እማም ወገቧን ትንሽ አመም ካደረጋት በቀር ደህና ናት። ማሽላው ዘንድሮ አላህ ይመስገን ከሰው ቁመት በላይ ነው።

ነገርሽን ለሳሊሀ ሳነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ተናደድኩ። ማር! አላህ በቁርኣኑ ለሰው መድኃኒት ነው ያለውን ማር፣ እንደ ሬሳ ሸፍነህ አቅርበው ትይኛለሽ?

እኔ የምኖረው በዘጠኝ ቀፎ ነው። ገበያው ላይ ስኳር አቅልጦ ማር ነው የሚል በዝቶ ሰው ማሰሮ ብቻ አይቶ አይገዛም። «ሰፈፉን አሳየን» ይለኛል። ሰፈፉ ምስክሬ ነው። አንቺ ከጅዳ ሆነሽ ምስክርህን ደብቅ ትይኛለሽ። ለአንድ ሰው ብዬ? ነገ ደግሞ የሮቢት ሰው ቲማቲም ያስፈራኛል ይለኛል። ከነገ ወዲያ ሌላዋ ግመል አታሳየኝ ትላለች። የራያ ሰው ግመል ካልለጠፈ ታዲያ ምን ሊለጥፍ ነው?

ይኼ የዚያ አገር ቅምጥልነት ነው። እዚህ ሳለሽ ማማ ላይ ወጥተሽ ማሽላ ስትጠብቂ ወንጭፍሽን ዝንጀሮ ሁሉ የሚፈራው ልጅ ነበርሽ። እዚያ ሄደሽ ከዶቃና ከዳንቴል ጋር ስትውዪ ማር አስፈራሽ። የፈራ አይክፈት! በሬን እኔ በግድ አላስገባሁሽም።

የቀሚሱ ነገር አሳዝኖኛል፣ ውሸት አልናገርም። ግን የስልክሽን ጥፋት በኔ ቀፎ አታላክኪ።

ወንድምሽ መህዲ


ጅዳ፣ ጥር 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለመህዲ፤

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ለእማ ደግሞ እጥፍ ድርብ። የወገቧ ነገር ምንድን ነው? ትንሽ ብለህ አልፈኸዋል። ሐኪም አይቷታል ወይ? መልሱን ለብቻው ጻፍልኝ፣ ከማርህ ጋር አትቀላቅለው።

ቅምጥል ያልከኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቀን አሥራ አንድ ሰዓት መርፌ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። ቅምጥል በዓይንህ አይተህ አታውቅም ማለት ነው።

ማስጠንቀቅ የባዕድ አገር ልማድ ነው ያልከው ግን ይበልጥ አናደደኝ። ማነው የባዕድ? የኛ ሰው አህያ ብሎ ስም ለመጥራት እንኳ «ይቅርታ» ይል የለም እንዴ? የሰው ቁስል የት ቦታ እንደሆነ በራሱ ገላ ሲያሳይ «በኔ አይየውና» ሳይል እጁን ያነሳል? በማታ እባብን በስሙ የሚጠራ ማን አለ፣ «ረጅሙ» ነው የሚባለው። አባትህ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ የገዛ ግቢያቸው ሲገቡ እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቤቶች!» ይሉ ነበር። ለምን? ውስጥ ያለው ሰው ያልተዘጋጀበት ነገር እንዳይደርስበት ነዋ! የኛ አገር ሰው ሲኖር የኖረው እየተጠነቃቀቀ ነው። ስልክ ስትይዝ ነው ባለጌ የሆንከው።

ምስክሬ ነው ላልከው ምስክርህን አልነካሁትም። ሁለተኛ ፎቶ አድርገው አልኩህ። አንዲት ጣት መግፋት ለማይፈልግ ሰው ማርህ ምን ያደርግለታል?

«የፈራ አይክፈት» ብለሃል። እኔ የምከፍተው እማን ለማየት ነው። ያንተን ገጽ ዘጋሁ ማለት የእማን ፊት ዘጋሁ ማለት ነው። ይኼ ይግባህ። ሌላ ሁሉ ቢቀር ይኼ ይግባህ።

ፈሪሀ


ቆቦ፣ ጥር 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለወይዘሮ ፈሪሀ፤ ጅዳ።

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ደብዳቤ ወንድምሽ ይገኝበታል።

ባለጌ ካልሽኝ በኋላ ካንቺ ልማር ብዬ ትእዛዝሽን ፈጽሜያለሁ። ገጼን ተመልከቺ። «ማስጠንቀቂያ፦ ሽንኩርት አለው።» «ማስጠንቀቂያ፦ ከፎቶው ሥር የጎብዬ በግ ይገኛል፣ ልበ ደካሞች እንዳታዩ።» «ማስጠንቀቂያ፦ ባጃጅ።» ሰዉ ተንከተከተ። ሪያድም ቤይሩትም ያሉ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይጽፉልኛል፣ አንዱ ሰሞኑን ሚስቱን ለጥፎ «ማስጠንቀቂያ» ብሎባት ተጣሉ። ስም አወጣሁልሽ፣ እሱንም አመስግኚኝ።

ማሩም አልቀረብሽም። «ማስጠንቀቂያ፦ ማር አለው» ብዬ ከሥሩ ሰፈፉን ለጥፌዋለሁ። አሁን ምን ቀረሽ?

እማ ሰሞኑን አልጋ ላይ ናት፤ ጉንፋን ነገር ነው፣ አታስቢ። የቆቦ ሰው በዚህ ብርድ ያልተያዘ የለም።

መህዲ


ጅዳ፣ የካቲት 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለመህዲ፤

ሰላምታ ለማብዛት ሆዴ እሺ አላለኝም። እማ እንዴት ናት? የእሷ ስልክ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዝግ ነው። አንተ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ እየጠራ አላነሳህም። እስከዚህ ድረስ ተቀየምከኝ ወይ?

የቀልድህን ጉድ ሁሉ አይቻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት የአገር ልጆች ከኔ ስልክ እያነበቡ «ማስጠንቀቂያ፣ ፈሪሀ መጣች» ይሉኛል። ይሳቁ፣ ግድ የለም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ አሁን ያንን ቃል ገጽህ ላይ ሳይ ጣቴ ሳያስበው ያልፈዋል። የካቲት 4 ቀን ደግሞ «ማስጠንቀቂያ፦ ልብ የሚሰብር ነገር አለው» ብለህ ነበር። ምኑን ነው? የተሰበረ ጋን ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀልዱ አላረጀብህም?

ይልቅ ቁም ነገር። ለረመዳን ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ አላህ ካለ ለእማ የሰፋሁትን ቀሚስ ይዤ እመጣለሁ። ሰማያዊ ነው፣ እጀታው ሰፊ፣ ለውዱእ እንዲመቻት ብዬ ነው። እንዳትነግራት። ወገቧ ላይ መጠኗ ተቀይሮ እንደሆነ ግን በሳሊሀ አስለክተህ ላክልኝ። ከስታ ይሆን?

እባክህ ስልክህን አንሳ። ተጣላን እንጂ አልተቆራረጥንም።

ፈሪሀ


ቆቦ፣ የካቲት 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ፈሪሀ፤

እናቴ ከሞተች ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። አንቺ አንድ ቃል አልተናገርሽም።

ስድስት መቶ ሰው ገጼ ላይ «ኢንና ሊላሂ» ብሎ ጻፈ። ከአፋር ጨው ይዞ የሚመጣው ደንበኛችን እንኳ አማርኛ የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ አጽፎ ላከ። ያንቺን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፣ የለም። እሷ ያጠባችሽ ያህል ያሳደገችሽ፣ ካንቺ አፍ የተረፈውን ነው ለኔ የሰጠችው። ልጅዋ እኔ ሆኜ ባንቺ ስቀና ነው ያደግኩት!

በወጉ መርዶውን ሽማግሌዎች ይዛ ጎህ ሲቀድ ቤትሽ ድረስ እንድትመጣ ለአገራችን ልጅ ለዓሊማ አደራ ብዬ ነበር። እዚያው ጅዳ ስለሆነች። እሷም «ፌስቡክ ላይ ወጥቷል፣ አይታዋለች፣ ምን ልሄድባት ነው» አለችኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደወልሽ። አላነሳሁም። ለእናት ለቅሶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በስልክ አይደረስም!

ቀዳዳ አይተሽ ቀሚስ ላይ ታስመልሻለሽ፣ እናትሽ ተቀብራ ግን ዓይንሽ አይረጥብም። እንዲህ ያለ ፍርሃት የት አገር ይሸጣል? ይኼን ደብዳቤ ወደዚያ የሚሄደው ነጅሙዲን ይዞት ይመጣል። መልስ አልፈልግም።

መህዲ


ቆቦ፣ መጋቢት 5 ቀን 2010 ዓ.ም.

(በፖስታው ጀርባ፦ ፈሪሀ፣ ይህን አስቀድመሽ ክፈቺ። ከነጅሙዲን እጅ የምትቀበይውን አትክፈቺ። ብቻሽንም አትሁኚ።)

እህቴ ፈሪሀ፤

አላህ ልብሽን ያጽናው። ትናንት የየካቲት 19 ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀሚሱ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፣ ሳሊሀ ጨረሰችልኝ። አላወቅሽም። ወሏሂ አላወቅሽም፤ እኔም አለማወቅሽን አላወቅኩም።

የላክሁትን ልይዘው ሮጥኩ። ነጅሙዲን አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀ ነው ተብሎ ስልኩ ላይ ብደውል አይሠራም። ያንቺን ቁጥር አውጥቼ ነበር። ስልኩን ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩ፤ መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ለዓሊማ ደወልኩና ጮህኩባት፣ እዚያ ሲደርስ ፖስታውን ከእጁ ንጠቂው አልኳት። ይኼንን ደግሞ ዛሬ በሚበር ሰው ልኬልሻለሁ። እሱ ይቀድማል ኢንሻአላህ።

ዓሊማ ከጎንሽ ከሌለች እዚህ ላይ አቁሚና ጥሪያት።

እማ የካቲት 3 ቀን፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ወደ አኺራ ሄደች። ጉንፋን አልነበረም። ከጥቅምት ጀምሮ ጉበቷን ነበር ያመማት። እንዳንነግርሽ ያለችው ራሷ ናት፣ በሰው አገር ምን ታደርግ ብላ። እኔም ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሸፋፈንኩት።

አንድ ያልነገርኩሽ አለ። የሽንኩርቱንና የበጉን ቀልድ አልጋዋ ድረስ ወስጄ አነበብኩላት፣ ትስቅልኛለች ብዬ። አልሳቀችም። «ፎጣው የት አለ?» አለችኝ። ሳሊሀ አምጥታ ሰጠቻት፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰችብኝ። እስክትሞት አብሯት ነበር።

መህዲ


ጅዳ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለመህዲ፤ ቆቦ።

ለሳሊሀ ሰላም በልልኝ። ለጎረቤቱ፣ ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ፣ ላንተ ደንበኛ ለአፋሩም ሰላም በልልኝ፤ ከኔ ቀድሞ አልቅሶላታል። እማን አላህ ይርሐማት፣ ቀብሯን ያስፋላት፣ አሚን። ላንተ ግን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ።

የነጅሙዲኑ ነው የቀደመው። ዓሊማ የምሠራበትን ቤት እስክታፈላልግ እሱ በር ላይ ደርሶ ሰጠኝ። መተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነበር። ያገር ልጆች «አንብቢልን፣ ዛሬ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ምንድን ነው?» አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን መስመር ምን ብለህ እንደጻፍክ ታውቃለህ። ለስድስት ሴቶች እየሳቅኩ ጮኼ አነበብኩት፣ መህዲ። የእናቴን መርዶ ለራሴ የተናገርኩት ራሴ ነኝ።

ይኼኛው፣ አስቀድመሽ ክፈቺ ያልከው፣ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ጉበቷ እንደሆነ በጥቅምት ታውቅ ነበር። ኅዳር ላይ ስጽፍልህ ታውቅ ነበር። ጥር ላይ ሐኪም አይቷታል ወይ ብዬ ለብቻው ጻፍልኝ ስልህ ታውቅ ነበር፤ አንተ ስለ ባጃጅ ጻፍክልኝ። ሽፋን የሚያስፈልገውን ገልጠህ ከፊቴ ደቀንከው፣ ላየው የሚገባኝን ሸፈንከው። እንዳትነግሯት አለች ትለኛለህ። የታመመ ሰው እንዲህ ይላል! ጤነኛው ነው ማመዛዘን የነበረበት። በጥር ብትነግረኝ ሥራውንም ጥዬ እመጣ ነበር።

የካቲት 4 ቀን ገጽህ ላይ የጻፍከው ማስጠንቀቂያ እውነት ነበር፣ አይደል? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ከልብህ ጻፍከው። ቃሉን ግን ከዚያ በፊት በሽንኩርት ጨርሰኸዋል። አሁን ሄጄ ከፈትኩት። ከሥሩ የእማ ፎቶ አለ፣ የዒድ ነጠላዋን ለብሳ። ሃምሳ ቀን ሙሉ እዚያ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር፣ እኔ በጣቴ እየገፋኋት አልፌያለሁ። ይኼን አንተን ይቅር ብልህ እንኳ ራሴን ይቅር የምልበት አላገኘሁም።

ዓሊማ ከነሽማግሌዎቿ መጣች፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ። «ቤቶች!» አሉ ከበር ላይ። ያን ስሰማ ነው እንባ የወጣልኝ።

ማርህን እንደፈለግክ ለጥፍ። ሸፍን አልልህም፣ ግለጥም አልልህም፤ ከእንግዲህ ገጽህ ላይ የምፈልገው ፊት የለም። ለረመዳን አልመጣም። ቀሚሱን መሬት እንዳይነካው ሰቅዬዋለሁ፣ ለማን እንደምሰጠው አላህ ያውቃል።

ፎጣውን ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አታጥበው፣ በአደራ። ስትልከው ደግሞ ፖስታው ላይ ውስጡ ምን እንዳለ ጻፍበት።

ፈሪሀ